በሲባጎ የታሰረ ጩኸት

መሪማ ኡስማን የሞተችው ረቡዕ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ዋና ኢንስፔክተር ተክለብርሃን ዲላ መውጫ ላይ ካለው የቡና መጋዘን ሲደርስ ሬሳዋን በአዲስ ጆንያ ሸፍነውት ነበር። በራሷ ላይ ተሸክማው የነበረው ከረጢት ተቀድዶ፣ ከጠዋት ጀምራ እየለቀመች የጣለችው የተሰበረና የጠቆረ ቡና ሲሚንቶው ላይ ተበትኗል። ጆንያ የምታነሳው መኪና፣ ፎርክሊፍቷ፣ ጀርባዋን ለጆንያው ክምር ሰጥታ ቆማለች። ሬሳውን ለማውጣት አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ከመግፋታቸው በቀር ማንም አልነካትም።

"የእግዜር ያለህ!" አለ ተክለብርሃን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሬሳ አይቷል፤ አንድም ቀን ግን ለምዶት አያውቅም።

ከመጋዘኑ ግንብ ማዶ፣ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ፣ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። የእትዬ ሸዋአለም ድንኳን ነው። ተክለብርሃን ለጋ ፖሊስ ሆኖ ዲላ ሲመደብ በሱቃቸው ጓዳ አልጋ ዘርግተው፣ አብልተው አጠጥተው ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ቀበራቸው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ከጣቢያ በቀጥታ መጥቶ እዚያ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ እናቱን የቀበረ ያህል ነበር ሆዱ የባባው። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ማታ ድንኳኑ ይነሳል። እነሆ ደግሞ ከግንቡ ወዲህ ሌላ ለቅሶ!

መቶ የሚሆኑ ቡና ለቃሚ ሴቶች ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይመታሉ። እሱ በመካከላቸው ሲያልፍ ለቅሶው ቀዝቀዝ አለ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ፖሊስ ስለሆንኩ ነው ብሎ አለፈው።

ረዳቱ ሳጅን ሄርሜላ ልብሴ ይቆሽሻል ብላ የምትሰስት ልጅ አይደለችም። ከፎርክሊፍቷ ሥር በደረቷ ተኝታ በስልኳ መብራት ስትፈልግ ቆይታ ጠራችው።

"ኢንስፔክተር፣ ይሄን ይዩልኝ።"

ከኋላ መብራቱ በታች ቡጢ የምታህል ጥቁር ቀፎ አለች። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ጢጥ ጢጥ እያለች ሰውን ከመንገድ የምታስነሳው እሷ ናት። ወደ ቀፎዋ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጧል። ሁለቱም ጫፍ ለየብቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል።

"ተበጥሶ አይደለም" አለች ሄርሜላ። "ሰው ነው የቆረጠው። አስቦበት።"

"መቼ ይመስልሻል?"

"እሱን እንግዲህ..."

"እኔ ልንገርሽ። ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይሠራ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን ሲበሳኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ መኪናዋ ትሠራለች፤ ጩኸቷ ግን የለም። እፎይ ብዬ መሄዴን አስታውሳለሁ። የተቆረጠው በዚያ መካከል ነው።"

ሄርሜላ ማስታወሻዋን አወጣች። "እንግዲያው የመጀመሪያው ምስክሬ እርስዎ ነዎት።"

"ጻፊኛ" አለና ፈገግ አለ። ሬሳ ባለበት ፈገግ ማለቱ ሲታወቀው ፊቱን ሰበሰበ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ፈድሉ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ አንድ ወረቀት ይዞ ደረሰ። ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ።

"ጌታዬ፣ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ትፈተሻለች። ብሬክ፣ ጎማ፣ መብራት፣ ክላክስ፣ የኋላ ጩኸት። ይኸው ተፈርሟል።"

ተክለብርሃን ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረው። ሰኞ ተፈርሟል። ማክሰኞ ተፈርሟል። ረቡዕ ተፈርሟል። ሐሙስ፣ ዐርብና ቅዳሜም ተፈርመዋል።

"አቶ ፈድሉ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ረቡዕ።"

"የቅዳሜን ብሬክ መቼ አዩት?"

አቶ ፈድሉ መሐረቡን እንደገና አወጣ። "ሥራ ይበዛብኛል... ሰኞ ሰኞ አንድ ላይ እፈርመዋለሁ።"

"ነቢይ ነዎት በሉኛ!"

"ጌታዬ፣ እኔን ይተዉኝና ሹፌሩን ይጠይቁት" አለ አቶ ፈድሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፈይሰል ባለፈው ሳምንት መሪማን ምን እንዳላት ያውቃሉ? 'አንድ ቀን እጨፈልቅሻለሁ!' ነው ያላት። በሰው ፊት። ይኸው ጨፈለቃት።"

ተክለብርሃን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰውየው ራሱን ለማዳን ልጁን ገደል እየሰደደው እንደሆነ ገብቶታል፤ ነገር ግን ዛቻ ዛቻ ነው፣ ሰምተው የመሰከሩ አራት ሰዎችም ተገኙ።

ፈይሰል ሙሐመድኑር ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ጣቢያው ውስጥ ሁለት እጁን በጉልበቱ መካከል ቀብሮ ተቀምጧል። አንጸባራቂ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም።

"ገደልኳት" አለ ገና ሳይጠየቅ።

"አስበህ?"

"አስቤ?" ቀና አለ። "ወላሂ አላየኋትም! ጆንያ ጭኛለሁ፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነው። ስትጮህ ነው ያወቅሁት።"

"እጨፈልቅሻለሁ ብለሃታል።"

"ብያለሁ። ቢጫውን መስመር እየረገጠች ስታስቸግረኝ ነዋ! ሁሉንም እላቸዋለሁ። ታዲያ ምን ልበላቸው፣ እባካችሁ ኑና ከጎማ ሥር ግቡ ልበላቸው?"

"ሽቦውን ማን ቆረጠው?"

ፈይሰል ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

"ማክሰኞ የት ዋልክ?"

"ዱመርሶ። ቡና ሲጫን እንዳግዝ ተልኬ። ማታ ነው የገባሁት።"

"እኮ! የተቆረጠው ማክሰኞ ቀን ነው። ዱመርሶ ከዋልክ አንተ አይደለህማ። ታዲያ የምትደብቀው ማንን ነው?"

ፈይሰል ለረጅም ጊዜ አየው። ዓይኑ ቀልቷል። "ብነግርዎትስ ምን ያደርጉታል?"

"እጽፈዋለኋ!"

"አይጽፉትም" አለና አቀረቀረ።

የተክለብርሃን ደም ፈላ። በዚህ ሁሉ ዓመት አገልግሎቱ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ በነፃ ያልጠጣ ሰው ነው፤ ይህ ልጅ ምን አድርጎ ነው የቆጠረው? በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።

ሄርሜላ ዱመርሶ ደውላ ጨርሳ በረንዳው ላይ ጠበቀችው። ፊቷ ላይ ደስታ አይታይም። የጭነት ሠራተኞቹ ፈይሰልን ጠዋት አይተውታል፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን የት እንደገባ አያውቁም። እሱ ከጭነት መኪናው ሥር ተኝቼ ነበር ቢልም ሲተኛ ያየው የለም። ዱመርሶ ሩቅ አይደለም፤ በሞተር ሳይክል ደርሶ፣ ቆርጦ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይተርፋል።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ ይህን ሲሰማ ብዙ አላሰላሰለም።

"ዛቻ አለ፤ የተቆረጠ ሽቦ አለ፤ የዋለበትን የሚመሰክርለት የለም። የሟቿ ወንድሞች ደጄ ላይ ናቸው። ዐርብ ጠዋት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይድረስ። ታስቦ የተፈጸመ ግድያ ብለህ ላከው።"

"ዕድሜ ልክ ነው እኮ፣ ጌታዬ።"

"እሷስ ዕድሜዋ አልነበረም?"

መሪማ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጎሹን ጠሩት። ጎሹ ተተኪ ሹፌር ነው፤ ማክሰኞ ፈይሰል ሲሄድ ፎርክሊፍቷን የነዳው እሱ ነው። የፈይሰልን ቦታ ሲመኝ እንደኖረ መጋዘኑ ሁሉ ያውቃል። ሄርሜላ የመሣሪያ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ስትገለብጠው መጀመሪያ የወደቀው ፒንሳ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"ፒንሳ ነው። ሹፌር ፒንሳ ከሌለው በጥርሱ ይፍታ?"

"ማክሰኞ ጩኸቱ መቼ ቆመ?" አለ ተክለብርሃን።

"ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ስወርድ ደኅና ነበረች። ስምንት ሰዓት ስመለስ ዝም ብላለች።"

"አንተም ዝም ብለህ ነዳሃት?"

"ቀስ ብዬ ነዳኋት።" ጎሹ የሚያየው ሄርሜላን ነው እንጂ ተክለብርሃንን አይደለም። ጥያቄውን አንዱ ይጠይቀዋል፣ መልሱን ለሌላዋ ይሰጣል።

"ምን ሆና ነው ብለህ አልጠየቅህም?"

"መኪና ነው፣ ይበላሻል። ምሳ የበላሁት ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ነው፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር። ሄዳችሁ ጠይቁ።"

ሄርሜላ ሄዳ ጠየቀች። ሦስቱም ጓደኞቹ፣ አስተናጋጇም ጭምር፣ እስከ ስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ድረስ ከወንበሩ እንዳልተነሳ መሰከሩ። ተመልሳ ስትመጣ ተክለብርሃን የጎሹን ሳጥን ከፊቱ ዘርግቶ እንደተቀመጠ ነው።

"በጎሹ በኩል ምንም የለም" አለች።

"አውቃለሁ። ይሄን እዪ።" ሦስት ጥቅል ጥቁር ናስትሮ አሳያት። "ናስትሮ ያለው ሰው ሽቦ በሲባጎ ያስራል?"

"አያስርም።"

"ፈይሰልም ናስትሮ አያጣም፣ ሹፌር ነው። ሌላ ልጠይቅሽ። ሰው ሊያስገድል ሽቦ የቆረጠ ሰው ጫፍና ጫፉን እንደ ሕፃን እትብት ለየብቻ ይጠቀልላል? ቆርጦ ይሄዳል እንጂ!"

ሄርሜላ ቆም አለች። "የጠቀለለው እንዳይነካካበት ነው... እንዳይቃጠል። መልሶ ሊቀጥለው ነበር ማለት ነው።"

"መልሶ ሊቀጥለው ነበር" አለ ተክለብርሃን። "ይሄ ሰው ክፉ አልነበረም፣ ሄርሜላ። ያስፈራኝም ይኸው ነው።"

መጋዘኑ ሥራ ፈትቶ ጭር ብሏል። በመልቀሚያው አዳራሽ ውስጥ የለቃሚዎቹ ኃላፊ ሶፍያ ብቻዋን ጎንበስ ብላ የመሪማን ዕቃ ትሰበስባለች። ሻሽ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ አንዲት ትንሽ በርጩማ። ሶፍያ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቁጡ ሴት ናት። ለኢንስፔክተሩ ብድግ አላለችም።

"ሶፍያ፣ አንድ ነገር አልገባኝ ብሏል። መሪማ ለምን ዞር ብላ አላየችም?"

"በየት አንገቷ?" ሶፍያ በርጩማውን ወርውራ ቀና አለች። "ራስዎ ላይ ጆንያ ተሸክመው ያውቃሉ? ይሸከሙና ዞር ብለው ይዩኝ እስቲ! እኛ እዚህ የምንሄደው በጆሯችን ነው። ጢጥ ካለ እንቆማለን። ካላለ እንሄዳለን። ስንት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ዝም ካለ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። እሷም ዝም ሲል ሄደች።"

ተክለብርሃን ይህን ሲሰማ ማክሰኞ ከድንኳኑ ሲወጣ እፎይ ያለው ትዝ አለው።

"ጩኸቱ መቆሙን አልነገሯችሁም?"

"ለእኛ ማን ይነግረናል? የሰማነው ከሞተች በኋላ ነው።"

"ከማን ሰማችሁ? ማን ቆረጠው?"

ሶፍያ አየችው። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣ፤ ፍርሃት ይመስላል፣ ማዘንም ይመስላል። "ኢንስፔክተር፣ እኔ ልጆች አሉኝ። ይተዉኝ።"

ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትናንት ግቢው ውስጥ ነጠላቸውን የሳቡት ሴቶች፣ ጎሹ፣ አሁን ደግሞ እሷ። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ተማክሮ እሱን ብቻ የሸሸ መሰለው።

ሊወጣ ሲል በጆንያው ክምር አጠገብ አለፈና እጁን አንዱ ላይ አሳረፈ። የጆንያው አፍ በሲባጎ ተሰፍቷል። ጫፉ ሁለቴ ዞሮ፣ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ በጥንቃቄ ታስሯል። ከፎርክሊፍቷ የፈታውን ሲባጎ በላስቲክ ከረጢት ይዞት ነበርና አውጥቶ ጎን ለጎን አስተያየው። ቀለሙ ያው፣ ውፍረቱ ያው፣ ቋጠሮው ያው። ቀጣዩንም ጆንያ አየ፤ ያው ነው። ክምሩ እስከ ጣሪያ ድረስ የአንድ ሰው እጅ ነበር።

"እዚህ ጆንያ የሚሰፋው ማን ነው?" ብሎ ጮኸ።

ሶፍያ የመሪማን ሻሽ አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። "ጋሽ ወልዱን እንዳይነኩብን" አለች በመጨረሻ። "ምንም አያውቅም፣ ደግ ሰው ነው።"

ሽማግሌውን ጆንያ ሰፊ ወልዱን ቤቱ አጡት። ያገኙት የመሪማ ቤተሰብ ደጃፍ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ለቅሶው ሲገባ ሽማግሌው ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ መግባትም መሄድም አቅቶት እዚያው ውሏል።

"ጋሽ ወልዱ።"

"መጡ?" አለ ሽማግሌው። "ከትናንት ጀምሮ ስጠብቅዎት ነበር። ሲዘገዩ ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ሲመጡም ፈራሁ።"

ተክለብርሃን አጠገቡ ተቀመጠ። ሄርሜላ ቆማ ማስታወሻዋን ከፈተች።

"ሽቦውን እርስዎ ነዎት የቆረጡት?"

"እኔ ነኝ።" ከኮት ኪሱ ዝገት የበላው ፒንሳ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ይኸው።"

"ለምን?"

"ለእትዬ ሸዋአለም ለቅሶ ነዋ። ሰው እያለቀሰ ከግንቡ ማዶ እንዲያ ያለ ጩኸት ነውር አይደለም? እስከ ሦስተኛው ቀን ብቻ ነው ብዬ ጫፉን ጠቅልዬ አሰርኩት። ረቡዕ ማታ ድንኳኑ ሲነሳ ልቀጥለው። ማታ፣ ጌታዬ። እሷ የሞተችው ረፋድ ላይ ነው። ጥቂት ሰዓት ነበር እኮ የቀረው!"

በኮቱ እጅጌ ፊቱን ጠረገ።

"ማን አዘዘዎት? አቶ ፈድሉ ነው?"

"አይ።"

"ታዲያ ማን ነው?"

ወልዱ ቀና ብሎ ፊቱን አየው። "እውነት አያስታውሱትም?"

"ምኑን?"

"ማክሰኞ፣ ድንኳኑ ውስጥ። የእድር ተረኛ ስለነበርኩ ምሳ ሰዓት ላይ ንፍሮ አዞራለሁ። እርስዎ አልበላም ብለው ራስዎን በእጅዎ ይዘዋል። ያ ነገር ከማዶ ጢጥ ጢጥ ይላል። 'ኧረ በእመቤቴ! ለእሳቸው ክብር ሲባል እንኳ ይህን ነገር እስከ ሦስተኛው ቀን ዝም የሚያሰኘው ሰው ይጥፋ?' አሉኝ። የደንብ ልብስዎን እንደለበሱ ነበር። እሺ ጌታዬ ብዬ ወጣሁ።"

ሄርሜላ መጻፏን አቆመች።

ተክለብርሃን አስታወሰ። ሰውየውን አይደለም፤ ፊቱን ቀና ብሎ አላየውምና። ያስታወሰው ንፍሮ የያዘ ሳህን፣ ሳህኑን የያዘ ሻካራ እጅ፣ እና ከራሱ አፍ የወጣውን ቃል ነው። ተናግሮት፣ ወዲያው ረስቶት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ዝምታውን ሲሰማ እፎይ ብሎ ሄዷል።

"ፈይሰልስ?" አለች ሄርሜላ በእሱ ፋንታ።

"ረቡዕ ጠዋት ጩኸቱን ሲያጣ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮዬን አየ። 'ጋሽዬ፣ ለለቅሶው ነው?' አለኝ። ለዛሬ ብቻ ነው አልኩት። እንግዲያው ክላክስ እያደረግሁ እሠራለሁ ብሎ ነበር። ኋላ ድንኳኑን ሲያይ አፈረ መሰለኝ፣ አንድም ጊዜ አልነካውም። መጋዘኑ ውስጥ ሲቀጠር ዋስ የሆንኩለት እኔ ነኝ። ዋሴን አላስይዝም ብሎ ነው አፉን የዘጋው።" ሽማግሌው የተክለብርሃንን ክንድ ያዘ። "ይስሙኝ፣ ጌታዬ። ትናንት ሬሳዋን ሳይ እብድ ሆኜ ለሴቶቹም ለሹፌሮቹም ስምዎን ጠርቻለሁ። እነሱ አይናገሩም፣ እኔም ከእንግዲህ አልደግመውም። የቆረጠው የእኔ እጅ ነው። አርጅቻለሁ፣ እኔ ልታሰር። እርስዎ ለከተማው ያስፈልጋሉ።"

ከአጥሩ ወዲያ የመሪማ እናት ድምፅ ተሰማ፤ የልጇን ስም እየጠራች ተነሺ ትላታለች። ተክለብርሃን እጁን ከሽማግሌው እጅ ቀስ አድርጎ አወጣ።

በመንገድ ላይ ሄርሜላ ብዙ ሄዳ ነው የተናገረችው። "ትእዛዝ አልነበረም እኮ። በለቅሶ ላይ ሰው ስንት ነገር ይላል።"

"ለእሱ ትእዛዝ ነበር።"

"እርስዎ ሽቦ ቁረጥ አላሉትም።"

"ዝም አሰኘው አልኩት፣ ሄርሜላ። ሰውየው ሌላ በምን ዝም ያሰኘው? ለምኖ?"



ኮማንደሩ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋው። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚል ሰው ነበር፣ ዛሬ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስማኝ። ሽማግሌው ስምህን አላነሳም ብሏል አይደል? በቃ፣ በራሴ ፈቃድ ቆረጥኩት ይበል። ተወው።"

"ፈይሰልስ?"

"ፈይሰል ምን?"

"ሽማግሌው ዋሱ ነው፣ ጌታዬ። ሽቦውን ዋሱ ቆረጠ፣ ዛቻውን ልጁ ዛተ፣ ጠዋት ላይ ተነጋግረዋል። ያለ እኔ ቃል ዐቃቤ ሕጉ ምን የሚል ይመስልዎታል? ተማክረው ገደሏት ይላል። አንድ ሰው የነበረው ገዳይ ሁለት ይሆናል።"

ኮማንደሩ ግንባሩን አሸ። "ቃልህ ከገባ ደግሞ ማዕረግህም፣ ጡረታህም፣ ስምህም ይሄዳል። ክስም አይቀርልህም። ይሄን አስበሃል?"

"አስቤዋለሁ።"

በእውነት አስቦት ነበር። መዝገቡ ውስጥ የምትገባው አንዲት መስመር ናት። ያቺን አንዲት መስመር ቢዘላት የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ብሎ አፉን ይዟል። ያንገበገበውም ይኸው ነው። ሰዎቹ ዝም ያሉት ይወዱኛል ብለው ይሁን ይፈሩኛል ብለው መለየት አቃተው፤ ሁለቱንም ሲያስበው አፈረ።

ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደ። ፈይሰል ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

"ድንኳኑን አይተህ ነው ክላክስ ያልነካኸው?" አለው በፍርግርጉ በኩል።

ፈይሰል ራሱን ነቀነቀ። "እጄን አንስቼ ነበር። አሳፈረኝና መለስኩት። እጄን ነበር መቁረጥ።"

"እጽፈዋለሁ ብዬህ ነበር።"

ልጁ ቀና ብሎ አየው። የሚያምነው አይመስልም ነበር።

ዐርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተክለብርሃን የደንብ ልብሱን ሳይለብስ ጣቢያ ገባ። ያረጀ ግራጫ ኮት ነው ያደረገው። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ እንደ ልማዱ ከኋላው አልተቀመጠም፤ ሹፌሮችና ሌቦች፣ ከሳሾችና ተከሳሾች ሲቀመጡበት በኖሩት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የራሱን ወንበር በእጁ አሳያት።

"እዚያ ተቀመጪ።"

"ኢንስፔክተር፣ ሌላ ሰው ቃልዎን ቢቀበልዎት..."

"የመጀመሪያው ምስክሬ ነዎት ብለሽኝ የለ? ተቀመጪ። እንደማታውቂኝ ሆነሽ ጠይቂኝ።"

ሄርሜላ ተቀመጠች። እስክርቢቶውን አነሳች። "ሙሉ ስም?"

ከነአያቱ ነገራት። ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ አድራሻውን ነገራት። ጻፈች።

"ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?"

"በለቅሶ ድንኳን ውስጥ።"

"እዚያ ለአቶ ወልዱ ምን አሏቸው?"

ቃል በቃል ነገራት። አንዲትም ቃል አላሳመረም፣ አንዲትም አላስቀረም። ሄርሜላ ስትጽፍ እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ታዞራለች።

"ሲናገሩ የደንብ ልብስ ለብሰው ነበር?"

"ለብሼ ነበር።"

"ድምፁ... ለምን እንደሚጮህ ያውቁ ነበር?"

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ራሱን የጠየቀውም ይህንኑ ነው።

"አውቅ ነበር" አለ። "ሰው ለማትረፍ እንደሆነ አውቅ ነበር። ያን ያልኩት ራሴን ስላመመኝ ነው።"

ፈረመ። ሄርሜላ ወረቀቱን ከወልዱ ቃልና ከአቶ ፈድሉ የስድስት ቀን ፊርማ ጋር አያያዘችው። ግድያ የሚለው ቃል ከመዝገቡ ፊት ላይ ተሰረዘ። ፈይሰል ግን ለነካው መሪ፣ ላልነካው ክላክስ ገና መልስ ይሰጣል።

"ዋስ ካገኘ ይውጣ" አለ ተክለብርሃን። "አለው እንዴ?"

"ሶፍያ ከጠዋት ጀምራ በር ላይ ናት። እኔ እፈርምለታለሁ ብላለች።"

ራሱን ነቀነቀ። ሽጉጡንና መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የሚረከበው ሰው እስኪመጣ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

በዚህ መካከል ከጣቢያው ጎን ካለው ግቢ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ መውጣት ጀመረ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ድምፁ በተከፈተው መስኮት ገብቶ ክፍሉን ሞላው። ሄርሜላ ደንግጣ ብድግ አለች፤ መስኮቱን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

"ተይው" አለ ተክለብርሃን። "ይጩህ።"